ኩላሊትሽና የኦቦ ጎበና አጥር

ሱሉልታ፣ መጋቢት 11 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ አክስቴ፣ ሰበታ።

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ፣ ወገብሽ፣ የስፌት መኪናሽ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ኩላሊትሽም ደህና ናት፤ እኔ ውስጥ ተመቻችታ ተቀምጣ ሰላም በይልኝ ብላኛለች። እናቴ፣ አክስትሽን በአንቱ ጻፊላት አለችኝ። አንድ ኩላሊቷ እኔ ውስጥ እያለች አንቱ ካልኳት ራሴንም አንቱ ማለት ሊኖርብኝ ነው አልኳት። ሂጂ ዕቃ እጠቢ አለችኝ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። በስልክ ብጀምር አታስጨርሺኝም፣ ትጮሂያለሽ። ደብዳቤ ላይ ብትጮሂ ግን ሱሉልታ አይሰማም። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ መጨረሻው ጥሩ ነው።

ጎረቤታችንን ኦቦ ጎበናን ታውቂያቸዋለሽ። ከእኛ ግቢ ጋር የሚያዋስነውን አጥር የባሕር ዛፍ ቋሚ ደርድረው፣ ቀጋ ጠላልፈው፣ ዶሮ እንኳ እንዳታልፍ አድርገው የሠሩት። አንድ ክንድ መሬት ገፍታችሁኛል ብለው ከእናቴ ጋር አምስት ዓመት ተኳርፈዋል። ኳሴ በገባች ቁጥር በቢላ ሰንጥቀው ነው የሚመልሱልኝ። ኅዳር ላይ ስብሰባ ተጠርቶ ስለ ማስተር ፕላኑ ሲወራ ብድግ አሉና፣ ከተማው ወደ እኛ ሲመጣ ላሞቼ ወዴት ይሂዱ ብለው ጠየቁ። ሰው አጨበጨበ። ከታኅሣሥ ወዲህ የት ናቸው ብሎ ለሚጠይቀን ሁሉ፣ ጫንጮ ሄደዋል እንላለን።

ታኅሣሥ ላይ፣ ተኩስ የተሰማ ቀን፣ ያንን አጥር በእጄ ነቀልኩት። ለምን እንደነቀልኩት አይጻፍም። ብቻ ቀዳዳው ሰፊ መሆን ነበረበት፤ በጣም ሰፊ። ሰውዬው አጥሩን ሲሠሩ ስለ ቦርጭ ያሰቡ አይመስለኝም። ቀዳዳው እስካሁን አልተደፈነም፤ እናቴ በየጠዋቱ በዚያው እያለፈች ላሞቻቸውን ታልባለች። ኩርፊያው ግን እንዳለ ነው ትላለች።

የዚያን ቀን አውራ ጣቴ ሥር ስንጥር ገባ። ያወጣሁት መስሎኝ ረሳሁት። ጥር ላይ እዚያው ቦታ ባቄላ የምታክል እብጠት ወጣች። አታምም፣ አታሳክክ፣ ዝም ብላ ታድጋለች። ሐኪሞቹ ትንሽም ነገር ብታዪ በዚያው ቀን ነይ ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ደበቅኳት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈራሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሕንድ ድረስ ሄደሽ፣ ሆድሽን ተቀደሽ የሰጠሽኝን በአንድ አጥር ምክንያት አጠፋሁት እያልኩ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይህን ለማንም እንዳትናገሪ፤ ስሜ ይበላሻል።

እናቴ ስታያት ቡግንጅ ነው ብላ ፈረደች። እትዬ ስንዱ ከጎረቤት መጥተው፣ ዓይን በልቷት ነው አሉ። በቀን አሥራ አንድ ኪኒን ከምትውጥ ልጅ ምኗን እንደተመኙባት እንጃ። እናቴ ያንን ጥቁር የቡግንጅ ቅባት ቀብታ ሁለት ሳምንት በጨርቅ አሰረችብኝ። ባቄላዋ ብይ አከለች።

ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ ከፍታ ጠቆር ያለ ነገር ስታወጣ እናቴ ከበሩ ላይ ሆና፣ እሱ የእኔ ቅባት ነው ዶክተር፣ አይደንግጡ አለች። ቅባት እዚህ ድረስ አይዘልቅም ብትባል፣ ጥሩ ቅባት ነዋ አለች። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ቡናማ ክር የመሰለ ፈንገስ ሆኖ ተገኘ፤ መሐሉ ላይ የስንጥሯ ቁራጭ ተኝታለች። ሐኪሟ ነገሩን አስረዳችኝ። ይህ ጥቁር ፈንገስ እንጨትና አፈር ላይ ነው የሚኖረው፤ ጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ያሸንፈዋል። አንቺ ግን፣ አለችኝ፣ ኩላሊቷን እንግዳ ናት ብለው እንዳያባርሯት የሰውነትሽን ዘበኞች በመድኃኒት አስተኝተናቸዋል፤ እሱም ዘበኛው የተኛበት ቤት አገኘ። እናቴ፣ ዘበኛ ደግሞ ምን ሊሆን ይተኛል ብላ ተቆጣች።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ስትሰማ ግን ከበሩ መጥታ ትከሻዬን ያዘች። ወደ ሳንባ ወይም ወደ ጭንቅላት ከሄደ ዘበኞቹን መቀስቀስ ግድ ይሆናል ተባለ። ከተቀሰቀሱ ደግሞ መጀመሪያ የሚያባርሩት አንቺን ነው። ኩላሊትሽን ማለቴ ነው።

አልሄደም፣ አክስቴ! ተመርምሬ ሌላ ቦታ የለም ተባለ። እብጠቷን ከነሥሯ ቆርጠው አወጡልኝ። የፈንገሱን መድኃኒት ለወራት እውጣለሁ፤ ከኩላሊቷ መድኃኒት ጋር ስለሚጋፋ በየሳምንቱ ደሜ ይታያል። ባለፈው ማክሰኞ ውጤቱን ስታይ ሐኪሟ፣ ይህቺ ኩላሊት ጎበዝ ናት፣ የማን ናት አለች። የአክስቴ ናት፣ እልኸኛ ናት አልኳት። ድሮ ለቀን አንድ ኩባያ ውሃ ተለክቶ ሲሰጠኝ ታስታውሺያለሽ? አሁን በየጠዋቱ ሽንት ቤት ስገባ አመሰግንሻለሁ። ሌላ ሰው ቢሰማ ስድብ ይመስለዋል፤ አንቺ ግን ይገባሻል።

ይህን የምታነቢው እንግዳሽ የለበሱትን ኮት ገበር ፈትተሽ ነው። መንገድ ላይ ፍተሻ ስላለ እዚያ ውስጥ ሰፋሁት። ጎኑ ላይ የተቀደደውን የጠገንኩትም እኔ ነኝ፤ የቀደደው የዚያው አጥር እሾህ ነው፤ ባለሙያ ነሽና ስፌቴን አይተሽ እንዳትስቂ። ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሏል፤ ቤት ለቤት የሚጠይቁት ሰዎች ግን አልቀሩም፤ ትናንትም መጥተው ነበር። እንግዳሽ እጄ በምን እንደታመመ አያውቁም፣ እንዳትነግሪያቸው። ቁጡ ሽማግሌ ሲያለቅስ አያምርም። ዛሬ ሲሰናበቱኝ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ አሉኝ። እስከ ዛሬ ስሜ አንቺ ሌባ ነበር።

እግዚአብሔር የሰጠሽውን እጥፍ አድርጎ ይመልስልሽ ልል ነበር፤ ግን ሦስት ኩላሊት ምን ያደርግልሻል? ዕድሜና ጤናውን አብዝቶ ይስጥልኝ።

ኮቱን መልሰሽ ስፊላቸው። በደንብ ስፊው፣ አትቸኩዪ። አንድ ወርም ይውሰድ፣ ሦስት ወርም ይውሰድ፤ እዚህ ኮቱን የሚጠብቅ ሰው የለም።

ግማሽሽን ይዛ የምትዞረው
የእህትሽ ልጅ