ቀጥ ብሎ በመቆሙ ስለተከሰሰው ግድግዳችን

ለተከበሩ የወረዳችን የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ላፍቶ

የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ እንዲሆን እመኛለሁ። ሚሳኤል እባላለሁ፤ መስከረም ላይ አሥራ አንደኛ ክፍል የምገባ ተማሪ ነኝ። ደብዳቤውን መጻፍ የነበረባት እናቴ ወይዘሮ ተናኘ ነበረች፤ ነገር ግን ከቢሮዎ የመጣውን ትእዛዝ ካነበበች ወዲህ ሦስት ቀን ሙሉ ከአልጋዋ ብዙም ስላልተነሳች ተራው ለእኔ ደርሶኛል።

እንደሚያስታውሱት፣ ዘንድሮ ጥር ላይ ከጎፋ የኪራይ ቤት ወጥተን እዚህ ላፍቶ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ገዛን። ከአቅማችን ጋር የተስማማው እሱ ብቻ ነበር። በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ወደ ውጭ ከመዝመሙ የተነሳ ጎረቤታችን ጋሽ ቱሉ ሰላም የሚሉን ከመንገዱ ማዶ ሆነው ነበር። «ይሄን ቤት አቁመው የያዙት ምስጦቹ ናቸው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፤ አደራ መድኃኒት እንዳትረጩባቸው!» ብለውም መክረውናል።

እንግዳ የሚባለው ታላቅ ወንድሜ ምክሩን አልሰማም። ሙያው የመብራት መስመር መዘርጋት ቢሆንም፣ ከቢሮዎ የእድሳት ፈቃድ አውጥቶ፣ ከጀሞ ሥራው በሚያርፍባቸው ቅዳሜዎች የበሰበሱትን ቋሚዎች አንድ በአንድ እየነቀለ በባሕር ዛፍ ተካ፤ ግድግዳውን ከሰፈር ሰው ጋር በገመድ ስቦ በቱንቢ እየለካ አቃናው። እኔ ጭቃና ጭድ ረጋጭ ነበርኩ። «በእግርህ ርገጥ እንጂ በምላስህ አልተባልክም!» ይለኝ ነበር። ግንቦት ላይ ግድግዳው ቀና። ሰኔ ላይ ወንድሜ ታመመ። ሐምሌ ላይ ቀበርነው።

ከዚያ ወዲህ የዋሉልንን ውለታ በቁጥር ላቅርብ።

1. የቁጥጥር ባለሙያዎ የለቅሶው ድንኳን ገና ሳይነሳ ስለደረሰልን እናመሰግናለን። መጀመሪያ የጠየቀው ድንኳኑ ፈቃድ እንዳለው ነበር። ንፍሮ ሲቀርብለት ግን ፈቃድ አልጠየቀም።

2. ፈቃዱ «ቤቱ በነበረበት ሁኔታ ይታደስ» ስለሚል፣ የነበረበት ሁኔታ ደግሞ መዝመም ስለሆነ፣ የግድግዳው አናት አርባ ሳንቲሜትር ቦታ ቀይሮ መገኘቱ «አዲስ ግንባታ» እንደሚያሰኘው በማስረዳትዎ እውቀታችን ሰፍቷል። ግድግዳው ለዓመታት ወደ መንገዱ ሲወድቅ ማንም አልከሰሰውም፤ ቀጥ ባለ በሁለተኛው ወር ተከሰሰ። እንደ ወጣት ከዚህ ብዙ ተምሬያለሁ።

3. ትእዛዙ «ሥራውን የሠራው ግለሰብ ራሱ ቀርቦ በአሥር ቀን ውስጥ ወደነበረበት እንዲመልስ»፣ ያለዚያ ግድግዳው እንደሚፈርስ ይገልጻል። ግለሰቡን እኛም በጣም እንፈልገዋለን። ቢሮዎ በአሥር ቀን ውስጥ ሊያስቀርብልን ከቻለ፣ ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን ቤቱን በሙሉ እንዲያፈርስ ተስማምተናል፤ እናቴም ትፈርማለች።

4. እሱ ካልተገኘ ሥራው በእኔ ላይ መውደቁ ነው። ወንድሜ ግን ያስተማረኝ ማቃናት ብቻ ስለሆነ፣ አንድን ግድግዳ ልክ አርባ ሳንቲሜትር አዝምሞ ሳይወድቅ የማቆምን ጥበብ የሚያሳየኝ መሐንዲስ እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ። ጭቃውን እኔ እረግጣለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ያን ያህል ሥልጠና የሚያደክምዎ ከሆነ አንድ ቀላል መንገድ አለ፤ ትእዛዙን ይሻሩት። እናቴ አልጋዋን ወደዚያ ግድግዳ አስጠግታለች። ወንድሜ ብዙ ነገር ጀምሮ ነበር፤ የጨረሰው እሱን ብቻ ነው። የቀሩን ሰባት ቀናት ናቸው።

ለሕግ መከበር የሚያሳዩት ትጋት ከሰፈራችን ጉድጓዶች ሁሉ የጠለቀ መሆኑን በአድናቆት እየመሰከርኩ፣ ሥራ እንዳላስፈታዎት ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
ሚሳኤል፣ የእንግዳ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ ባለሙያዎ ትእዛዙን የጻፈው፣ ጠረጴዛ ስላልነበረ፣ ወረቀቱን እዚያው ግድግዳ ላይ አስደግፎ ነው። በኃይል ተጭኖ ሲፈርም እንኳ ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። ስለ ጥንካሬው ሌላ ምርመራ ካስፈለገ፣ ያንኑ ፊርማ እንደ ማረጋገጫ ተቀብለነዋል።