ሠላሳ አንድ ለአንድ

ውድ ወንድም ጋሼ ካይ፣

«እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምርልህ ነበር። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም የቀደድኩት እዚያች ቃል ላይ ስደርስ ነው። ደህና አይደለሁም። ስድስት ዓመት ሙሉ የደበቅኩህ ነገር አለ፤ ዛሬ ሳልጽፈው ከወንበሬ አልነሳም።

እማዬን ከሆስፒታል ያስወጣኋት እኔ ነኝ። አንተ አይደለህም።

ያን ቀን መቼም አትረሳውም። እማዬ በሳንባ ምች ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገባች አምስተኛ ቀኗ ነበር፤ ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ገብቶ መሣሪያው ይተነፍስላታል። ዶክተሩ «ልትድንም ላትድንም ትችላለች፤ ውሳኔው የቤተሰቡ ነው» ብሎ ሄደ። አጎት ቢን ኮሪደሩ ላይ ኮፍያውን እያሽከረከረ አፋጠጠህ።

«የበኩር ልጅ አንተ ነህ። እዚህ ወይም መንገድ ላይ ከሞተች በልማዳችን ሬሳዋ ደጅ ድንኳን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ቤት ገብታ የአባትህ መታሰቢያ መሠዊያ ፊት አትተኛም። እናትህን እንደ ባዳ ደጅ ልታስተኛት ነው?»

«ኧረ አጎቴ፣ የምትድን ሆና ብገድላትስ?» አልከው። ከዚያ ወደ እኔ ዞርክ። «ዲየፕ፣ አንቺ እኮ ደሟን ታዪዋለሽ። እስቲ ቁርጡን ንገሪኝ።»

እማዬ ላቦራቶሪ መሥራቴን አንድም ቀን አልወደደችውም። «ቀኑን ሙሉ በዚያ አጉሊ መነጽር ላይ አጎንብሰሽ ባል ከየት ይታይሻል!» ትለኝ ነበር። ያን ጠዋት በዚያ መነጽር የሷን ደም አየሁ። የደም መቁጠሪያ መሣሪያውን ውጤት አላመንኩም፤ ደሟን መስታወት ላይ ቀብቼ በዓይኔ ቆጠርኩ። ከነጭ የደም ሴሎች መካከል ኒውትሮፊል የሚባሉት አደጋ ሲመጣ ቀድመው የሚደርሱ ናቸው፤ ሊምፎሳይት የሚባሉት ደግሞ ረጋ ብለው ይሠራሉ። ጤነኛ ሰው ለአንድ ሊምፎሳይት ሁለት ሦስት ኒውትሮፊል አለው። በጠና ሲታመም የፊተኞቹ ይበዛሉ፣ የኋለኞቹ ይመናመናሉ፤ ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ተስፋውም ይጠባል። የእማዬ ሠላሳ አንድ ለአንድ ነበር። ይህን ስሌት የተማርኩት በዚያው ዓመት ነበርና፣ አዲስ ቢላ እንደገዛ ሰው ሁሉንም ነገር በሱ ልቆርጥ ያምረኝ ነበር።

«ሠላሳ አንድ» አልኩህ።

«ምን ማለት ነው?»

«አትመለስም ማለት ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«ይመስለኛል» እንኳ አላልኩም።

ከሆስፒታሉ እስከ ቤታችን፣ የትራ ኩክን ወንዝ ተከትለን በመኪና አርባ ደቂቃ ሙሉ፣ በእጅ የሚጨመቀውን የመተንፈሻ ፊኛ አንተ ጨመቅክላት። ልተካህ ብል እምቢ አልክ። አልጋዋ ላይ ስትደርስ ቱቦውን የነቀልከውም አንተ ነህ። ዘመድ አዝማዱ ነጭ የሐዘን ጨርቁን ይዞ ቆሞ ይጠብቃል። እሷ ግን አላለፈችም፤ በራሷ መተንፈስ ቀጠለች።

«ዲየፕ፣ እየተነፈሰች ነው! ጣቴን ጨበጠችኝ እኮ! መኪናውን ልጥራው፣ እንመልሳት!»

«ተው ወንድም ጋሼ፣ መንገድ ላይ ትሞትብናለች። ቁጥሩን ነገርኩህ።»

አንተም ተመልሰህ ተቀመጥክ። ከረፋዱ ጀምራ ፀሐይ እስክትጠልቅ ተነፈሰች፤ ከዚያ አቆመች።

የሰባተኛው ቀን ጸሎት አልቆ ሥራ ስገባ ማኅደሯን አገላበጥኩ። ደሟ ከመቀዳቱ በፊት በነበረው ቀን ስቴሮይድ ተጀምሮላት ኖሯል። ይህ መድኃኒት በራሱ ኒውትሮፊልን ያበዛል፣ ሊምፎሳይትን ይቀንሳል። ጀማሪ ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። እኔ ደግሞ መስታወቱ ላይ አፍጥጬ የሐኪሙን ማዘዣ ሳላይ ቀረሁ። ከሠላሳ አንዱ ስንቱ የበሽታው፣ ስንቱ የመድኃኒቱ እንደነበር አሁን ማንም ሊነግረን አይችልም። ትድን ነበር አልልህም፤ አላውቅም። ያን ቀንም ሳላውቅ ነው እንደሚያውቅ ሰው የተናገርኩት።

የሐዘኗ አርባ ዘጠነኛ ቀን ሲወጣ ሻንጣህን ይዘህ ቩንግ ታው፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጋ ሄድክ። ከመሄድህ በፊት አጎት ቢንን «ቱቦ የነቀለ እጅ በእናቱ መሠዊያ ዕጣን አይለኩስም» ስትለው ሰምቻለሁ። ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት እከትፍ ነበር፤ መክተፌን ቀጠልኩ። ፈሪ ነኝ። አንተም ከጠላኸኝ ማን ይቀረኛል ብዬ ዝም አልኩ። ለሙት ዓመቷ አንዴም ሳትመጣ ስትቀር ሰው «ጨካኝ ልጅ» ሲልህ እንኳ አፌን አልከፈትኩም።

ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ ገቡ፤ ሠላሳ አራት ለአንድ። የልጅ ልጃቸው ላቦራቶሪው በር ላይ ያዘችኝ። «እህቴ፣ አያቴን ወደ ቤት እንውሰዳቸው?» መጀመሪያ ማዘዣቸውን አየሁ፤ ስቴሮይድ አለ።

«አላውቅም» አልኳት። «ከነገ ወዲያ ደግሜ እቆጥራለሁ፤ እስከዚያ ከሐኪሞቹ ጋር ተነጋገሩ፣ አትቸኩሉ።»

«አላውቅም ለማለት ነው ነጭ ጋውን የለበስሽው?» ብላ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው። በሦስተኛው ቀን አሥራ ዘጠኝ ሆነ፣ ከዚያ አሥራ አንድ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሰውየው ቁጭ ብለው «ይሄ የሩዝ አጥሚት ነው ወይስ የድስት እጣቢ?» ብለው ነርሷን ሲያስለቅሷት ሰማሁ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የእማዬን ደም ደግሜ አልቆጠርኩትም፣ ወንድም ጋሼ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቆጠርኩት።

ይቅርታ ልለምንህ አልጻፍኩም፤ ይህን ሁሉ ዓመት የኔን ተሸክመህ ደግሞ ሌላ ላሸክምህ አልደፍርም። በመጪው ሙት ዓመቷ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አጎት ቢን ባለበት፣ በራሴ አፍ እናገረዋለሁ። ብትመጣም ባትመጣም እናገረዋለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱን ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ ስዞር የቆየሁት። «ጣቴን ጨበጠችኝ» ስትል አጎት ቢን የሐዘን ቅዠት ነው አለህ፤ አንተም ቀስ በቀስ አመንከው። አልቃዠህም። እጇ ጣትህ ላይ ሲጠብቅ እኔም አይቻለሁ።

እህትህ ዲየፕ