ተቀምጦ ስለጠጣው በርሜል ሠሪ

ሃርሎው፣ ማሳቹሴትስ፣ ኦገስት 1798

ለክቡር ዳኛ ኢካቦድ ላትሮፕ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? የተከበሩት ባለቤትዎስ? ባርኔጣዎ ላይ የሰኩት የመንግሥት ደጋፊዎች ጥቁር ሪባንስ ደህና ነው? እኔ ባለ መጠጥ ቤቷ ዘሩያ ታትል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

ስለዋሉልኝ ውለታ ላመሰግንዎ ብዕር አንስቻለሁ።

አንደኛ፣ በነጻነት በዓላችን ዕለት ቤቴ ተገኝተው፣ ለፕሬዚዳንቱ ጤና ጽዋ ሲነሳ ማን እንደቆመና ማን እንደተቀመጠ በዓይንዎ ስለለቀሙ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ኤልናታን፣ በርሜል ሠሪው፣ ጽዋውን ጨልጦ ጠጥቷል፤ የጠጣው ግን ተቀምጦ ነው። እርስዎም «ይሄ የፈረንሳይ ተላላኪ መንግሥትን ናቀ!» ብለው ከወንበሩ አስነስተው ወህኒ አወረዱት። አላስቆም ያለውን የወንድሜን ጉልበት የሰበረው የእንግሊዝ ጥይት መሆኑን፣ ጥይቱም ያገኘው ለዚችው አገር ሲዋጋ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። እርስዎ በዚያ ዘመን የት እንደነበሩ አልጠይቅም፤ ነውር ነው።

ሁለተኛ፣ «በከተማችን ፓርቲ የሚባል መርዝ አይበቅልም» ብለው ስለማሉልን። እውነትዎን ነው፣ አልነበረም። ኤልናታን ቢሆን ከበርሜልና ከዓሣ ማጥመድ በቀር ሌላ ወሬ የለውም። ታዲያ የወህኒው ምግብ ለውሻም የማይሆን ስለሆነ፣ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ተራ ገብተን ማመላለስ ጀመርን። በቤተ ክርስቲያን መቀመጫ ተጣልተው ለዓመታት ሰላም የማይባባሉት ወፍጮኛውና ጫማ ሰፊው ወህኒው ደጃፍ ተገናኙ። «አንተም ለዚህ አንካሳ ብለህ መጣህ?» አለው ወፍጮኛው። «ለሱ ብቻ መሰለህ እንዴ! ነገ እኔን ጉልበቴን ቢያመኝስ?» አለው ጫማ ሰፊው። ከዚያ ወዲያ ያ ደጃፍ ሰው አልጠፋበትም፤ በመጪው ምርጫ ማንን እንደምንልክም እዚያው ቆመን ተስማማን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ሦስተኛው ያንገበግበኛል። የመጠጥ ቤቴን ፈቃድ የሚያድሱልኝ በሬ ላይ ጥቁር ሪባን ከሰቀልኩና ሪባን የሌለውን ካላስገባሁ ብቻ እንደሆነ መልእክት ልከውብኛል። ባሌ ሲሞት ትቶልኝ የሄደው ይህን ቤት ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም። ቢሆንም አልሰቅልም! ከፈለጉ ይዝጉት፤ ወንድሜ በሚገባበት በር ላይ እሱን ያሳሰሩትን ሰዎች ምልክት አላንጠለጥልም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና መቆም የማይሰለቸው ጉልበት እየተመኘሁ፣

እስከ ትናንት ታዛዥዎ የነበርኩት፣
ዘሩያ ታትል

ማስታወሻ፦ ቅዳሜ ዕለት ወህኒው ደጃፍ ተሰብስበን ለፓርቲያችን መሥራች ጤና ጽዋ አነሳን። መሥራቹ እርስዎ ነዎት። ኤልናታን ስምዎን ሲሰማ «ለሱማ እቆማለሁ!» ብሎ፣ የመስኮቱን ብረት ጨብጦ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ቆሞ ጠጣ።