አራቱ የወለል ብሎኖች

ኅዳር 8፣ እሑድ። ከቀኑ 8 ሰዓት።

ዕቃ አጥቤ ጨረስኩ። ቤዛ ተኝታለች። ደብተሬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር። እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም... ዋሽቻለሁ። ቃል እንኳ አልወጣኝም፤ ራሴን ነው የነቀነቅኩት። ያው ነው።

ዓርብ የወጥ ቤቱ ካቢኔት ከደብረ ብርሃን መጣ። ነጭ። ሁለት በር፣ ሦስት መሳቢያ። አክስቴ እትዬ ዘነበች ቢሮ ስትመለስ፣ አናጢው ጋሽ ተክሌ ወለሉ ላይ ሳያስሩት እንዳይሄዱ ብላ ለኔ አደራ ሰጠች። ግድግዳችን ጭቃ ነው፣ ብሎን አይዝም። የሚታመነው ሲሚንቶው ወለል ነው ብለውኛል ጋሽ ተክሌም። አራት ቀዳዳ፣ አራት ብሎን፣ አለቀ። ወለሉ ወደ በሩ ስለሚያዘቀዝቅ ካቢኔቱ እንዲስተካከል ከፊት ሁለት የእንጨት ሽብልቅ ከተቱበት። ድሪሉን ሰኩ። መብራት ጠፋ።

ብዙ ጠበቅን፣ አልመጣም። ቅዳሜ ሥላሴ ነው፣ ጋሽ ተክሌ በዓል አይሽሩም። እሑድ ሰንበት። ከሰኞ ጀምሮ ሞላሌ ሥራ አላቸው፣ ረቡዕ ማታ ነው የሚመለሱት። ለእትዬ ንገሪያት፣ እስከዚያ ምንም እንዳይቀመጥበት አሉኝ። አራቱን ብሎኖች እንዳይጠፉ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። እሺ አልኩ። እኔ መቼም እሺ ነኝ።

እትዬ ገብታ ካቢኔቱን እንደ ሙሽራ ዞራ ዞራ አየችው። እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። አሰሩት አይደል? አለች። ሳያስሩት ለቀቅኋቸው ማለት አቃተኝ። ነቀነቅኩ።

ብሎኖቹ እርሳስ መያዣዬ ውስጥ ናቸው።

ኅዳር 9፣ ሰኞ።

ከት/ቤት እንደገባሁ ገፋ አድርጌ አየሁት። ይንቀሳቀሳል። ከላይ ምድጃው፣ የዘይቱ ጀሪካን፣ ድስቶቹ። ሁሉንም እትዬ ደርድራዋለች። የእትዬ ልጅ ቤዛ ሁለት ዓመቷ ነው፣ መሳቢያ መክፈት ወዳለች። ትከፍታለች፣ ትስቃለች፣ ትከፍታለች።

አንድ ዘዴ መጣልኝ። የገብሱን ማዳበሪያ ጎትቼ ታችኛው በር ውስጥ ከኋላ በኩል ከተትኩት። ክብደት እንዲሆነው። እትዬ ከፍታ ስታየው በሳቅ ሞተች።

«ምነው አንቺ፣ የአባትሽ ጎተራ መሰለሽ? ካቢኔት ነው እኮ!»

አወጣችው። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ከዚያ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

ለምን አትነግሪያትም ትዪኝ ይሆናል። እትዬ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ከዘመሮ አምጥታ እዚህ መሐል ሜዳ የምታስተምረኝ እሷ ናት። ከኔ በፊት እዚህ የምትማረው እህቴ ነበረች። አንድ ቀን ገበያ ሄዳለሁ ብላ ሌላ ቦታ ተገኘች፣ በሳምንቱ ወደ አገር ቤት ተላከች። ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበረች። እትዬ ይዛት ስትመጣ ያለችው ከጆሮዬ አይወጣም። ድህነት እችላለሁ፣ ውሸት ግን ቤቴ አያድርም።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ።

የጋሽ ተክሌ ስልክ ቁጥር ካቢኔቱ በር ጀርባ ላይ በእርሳስ ተጽፏል። እኔ ት/ቤት ስሆን ቤዛን የምትይዘው ጎረቤት ስልኳን አዋሰችኝ። የምለውን አስቀድሜ እጄ ላይ ጻፍኩት። ደወልኩ። «ሃሎ፣ ማን ልበል?» አሉ። ዘጋሁት። መልሰው ደወሉ። ያንንም ዘጋሁት።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሁለቱን ሽብልቆች በእግሬ መታ መታ አድርጌ አስገባሁ። አንዱ ላልቷል። ቤዛ ስትነቃ በጀርባዬ አዘልኳት። እስኪመሽ አላወረድኳትም። እትዬ ወገብሽ ይቆረጣል፣ አውርጂያት እንጂ አለችኝ። ዝም። አፍሽን ሞላሌ ገበያ ሸጥሽው እንዴ? አለች። ሞላሌ ስትል ደነገጥኩ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ። ከምሽቱ 12 ሰዓት።

ክንዴ ያመኛል፣ ፊደሌን ይቅር በይኝ።

ወደቀ። ማለቴ ሊወድቅ ነበር። ባቄላ እየተቀቀለ ነበር። ውኃ ልቅዳ ብዬ ዘወር አልኩ፣ አንድ ጆግ ብቻ። ቤዛ ሦስቱንም መሳቢያዎች ከፍታ የታችኛው ላይ በሁለት እግሯ ቆማለች። ሽብልቁ ተፈናጥሮ ሲወጣ ሰማሁ። ካቢኔቱ ወደሷ ሰገደ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። በትከሻዬ ደገፍኩት፣ በእግሬ እሷን ገፋኋት። ድስቱ ተንሸራቶ ክንዴ ላይ ፈሰሰ። ቤዛ ምንም አልሆነችም። ምንም! ጫማዋ ብቻ ረጠበ።

ጎረቤቷ ደውላላት እትዬ ከቢሮ ሮጣ መጣች። ቤዛን አገላብጣ አየች፣ ከዚያ እኔን። ክንዴን ማር ቀባችልኝ፣ እፍ እፍ እያለች፣ እያለቀሰች። ልጄን አተረፍሽልኝ፣ እናትሽ ትባረክ አለችኝ። ማሩ ከእሳቱ በላይ አቃጠለኝ።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች። ቀዳዳ የለም።

«አስሬያለሁ ብሎ ነው አይደል የሄደው? ያ ውሸታም!»

ጋሽ ተክሌን ነው። ያለ አንቱታ ጠርታቸው አታውቅም ነበር። አፌን ከፈትኩ። ጎንበስ ብዬ የፈሰሰውን ባቄላ መልቀም ጀመርኩ። የደከመኝ መሰላት፣ ተኚ አንቺ አለችኝ።

ጎረቤቷ ደውዪለት ስትላት ሰማሁ። እትዬ በስልክ አልነግረውም አለች። ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው። ጋሽ ተክሌ የሚካኤል ማኅበርተኛ ናቸው፣ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ በሚቀመጥበት፣ ቄሱም ሰዉም ባለበት ልትነግራቸው ነው። ልጄን ሊገድል ነበር ልትል ነው። እዚህ ከተማ እንዲህ የተባለ አናጢ ማን ቤት ይገባል? በዓል አልሽርም ያሉ ሰውዬ በበዓሉ ቀን ሊዋረዱ ነው። በኔ ነቅናቂ አንገት።

መሳቢያዎቹን ሁሉ አውጥቼ አልጋ ሥር አስገባሁ። ምድጃውንም መሬት አወረድኩት። ይሄን ማድረግ ዓርብ ይቻል ነበር። ቀላል ነበር።

ዘመሮ ትመልሰኝ ይሆናል። ሰባተኛ ክፍልን ሳልጨርስ። ግን ዛሬ ያቺ ትንሽ ጫማ... ከዚያ የሚያስፈራ የለም።

ነገ። እትዬ ነጠላዋን ከመልበሷ በፊት፣ ደጃፍ ላይ እቆማለሁ። እናገራለሁ። አፌ እምቢ ካለኝ ወረቀቱን ፈትቼ አራቱን ብሎኖች መዳፏ ላይ አስቀምጣለሁ። ከደጃፉ ግን ንቅንቅ አልልም።