ሞቴን የገዛው ሰውዬ

ልጄ ዶሪን፣ በሰው አገር ጌታ ደጅሽን በሰላም ይጠብቅልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እዚህ ሜከን ከተማ የጓሮው በለስ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል።

የሕይወት ኢንሹራንሴን ሸጥኩት። በየወሩ የምከፍለው ዓረቦን ጡረታዬን ጨረሰው። ውሉን ሊገዛ የመጣው ሰውዬ ሶፋዬ ላይ ተንፈላሶ፣ «ሚስ ቨርና፣ ልብዎ እንዴት ነው?» አለኝ። «ሁለቴ ቆሞ ተመልሷል» ስለው ፊቱ በራ። በየማለዳው በእግሬ እንደምሄድ ስነግረው ግን ዋጋውን ቀነሰ!

«አንተ ጥንብ አንሳ፣ ቶሎ ካልሞትኩ ትከስራለህ?» ስለው ሳቀ እንጂ አላፈረም። ፈረምኩለት። ስሞት ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ገንዘብ የእሱ ነው፤ እስከዚያ ዓረቦኑን እየከፈለ ይጠብቀኝ፤ መቶ ዓመት እኖርበታለሁ!

ላንቺ ያቆየሁት ነበርና አትቀየሚኝ። ሰውዬው በሰጠኝ ገንዘብ የቤቱን ጣሪያ አሳደስኩበት፤ በቀረው የአውሮፕላን ትኬት ቆርጬልሻለሁ። መንገድሽን ያቅናልሽ። ለቀብሬ ሳይሆን ለገና ነይልኝ።

እናትሽ ቨርና