እትዬ ማናዬን ዛሬም የሚቀበለው ሊፍት

ለተከበሩ አቶ በፍቃዱ
የሕንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ለቡ፣ አሥረኛ ፎቅ

ጉዳዩ፦ ለሊፍቱ የኤሌክትሮኒክ ካርድ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። ከጤናም የእግርዎን ጤና አብዝቼ እመኝልዎታለሁ፤ በእኛ ሕንፃ ከልብም ከኩላሊትም በፊት የሚያስፈልገው እግር መሆኑን በእርስዎ ሊቀመንበርነት ዘመን ተምሬአለሁና። እኔ አራተኛ ፎቅ የምኖረው፣ ጀሞ ጨርቅ የምሸጠው ከድጃ ነኝ። ከእንቅልፌና ከጉልበቴ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ካርዱ ከመምጣቱ በፊት አኗኗራችን እንዴት የተዝረከረከ እንደነበር ያስታውሱታል። ያገኘው ሰው ሊፍቱ ውስጥ ገብቶ ያሻውን ፎቅ ይጫን ነበር። አንዷ ሳህን ከድና ትወጣለች፣ ሌላው የታመመ ሊጠይቅ ይወርዳል፤ ኧረ ስንቱ! ዛሬ ግን ካርዴን ሳስነካ አራተኛ ፎቅ ብቻ ይበራልኛል፣ ሌላውን ስጫን ቀይ መብራት ይቆጣኛል። ሌባ እንዳይገባ ነው አላችሁን። እውነትም ሌባ አልገባም፤ ማንም አልገባም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ እንግዳ አቀባበል ደንባችሁ። ወደ ሌላ ፎቅ የሚሄድ ሰው ቢኖር ባለቤቱ ካርዱን ይዞ ወርዶ ይቀበለው የሚለውን ማለቴ ነው። እትዬ ማናዬ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስምንተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤቴ ነበሩ። እዚህ ሕንፃ ከገባን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመሄዴ በፊት ወርደው በሬን ያንኳኳሉ፣ ሳይወርዱ ከቀሩ እኔ እወጣለሁ፤ ውላችን ይኸው ነበር። ካርዱ ከመጣ በኋላም በደረጃ ቀስ እያሉ ይወርዱልኝ ነበር። አንድ ማክሰኞ ሳይወርዱ ቀሩ። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሳም። ሊፍቱ ውስጥ ገብቼ ስምንትን ብጫን ቀይ፣ ደግሜ ብጫን ቀይ ሆነብኝ። ጥበቃውን ነገሪን ለመንኩት፤ የእሱ ካርድ ምስኪን፣ ከምድር ቤት በላይ አይከፍትም። ሁሉን ፎቅ የሚከፍተው ካርድ በእርስዎ ኪስ ነውና ደወለልዎት። እርስዎም በትሕትና፣ ደንብ ደንብ ነው፣ ሴትየዋ ራሳቸው ወርደው ይቀበሏት ብለው መለሱ። ክቡር ሆይ፣ ሴትየዋ በዚያ ሰዓት መታጠቢያ ቤታቸው ወለል ላይ ወድቀው ነበር። ወርደው ስላልተቀበሉኝ እባክዎን አይቀየሟቸው።

በደረጃ ወጣሁ። በየፎቁ እየተቀመጥኩ፣ ወላሂ አንዳንዱን ደረጃ በእጄ ጭምር እየዳህኩ ወጣሁ። በራቸው ላይ ስደርስ ከውስጥ የሆነ ነገር ወለሉን ሲመታ ሰማሁ፣ ቀስ ብሎ፤ ከዚያ ዝም አለ። ነገሪ ተከትሎኝ መጥቶ በሩን እስኪሰብር ድረስ አልፈዋል። ገላቸው ገና ይሞቅ ነበር። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ አልተወኝም፤ ሱቅ ውስጥ የጨርቅ መለኪያዬ ጠረጴዛውን ሲነካው እንኳ ቀና ብዬ ወደ ላይ አያለሁ፣ ደንበኞቼም ይታዘቡኛል።

ሁለተኛ፤ ስለ ለቅሶው። መኪና ማቆሚያው ላይ ድንኳን አይተከልም ስላላችሁ ለቅሶው እዚያው ስምንተኛ ፎቅ ቤታቸው ተቀመጠ። እርስዎ ደግሞ ሁሉን የሚከፍተው ካርድዎ ለለቅሶ እንዳልተሠራ አስረዱን። ስምንተኛ ፎቅ ሌላ ነዋሪ ገና ስላልገባ፣ ለቀስተኛውን ማውጣት የሚችለው አንድ ካርድ ብቻ ሆነ፤ የራሳቸው የሟቿ። ነገሪ ያንን ካርድ ይዞ ሊፍቱ በር ላይ ቆመ። ጥቁር የለበሰው ሰው ገብቶ በሞላ ቁጥር ያስነካል፣ ስክሪኑም «እንኳን ደህና መጡ ማናዬ» ብሎ በአረንጓዴ ይጽፋል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ! እህታቸው ከደብረ ብርሃን መጥተው ስሙን ሲያዩ እዚያው ሊፍቱ ውስጥ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እርስዎ ግን ደስ ሊልዎት ይገባል፤ እትዬ ማናዬ እንግዶቻቸውን በገዛ ካርዳቸው ተቀብለው አስገብተዋልና ደንባችሁ በመጨረሻ ተከብሯል።

ሦስተኛ፤ ይህኛው እንኳ ምስጋና ይሁን አቤቱታ እኔም አላወቅሁትም። ከቀብሩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ እሳቸው በሬን በሚያንኳኩበት ሰዓት፣ ሊፍቱ ማንም ሳይጠራው አራተኛ ፎቅ መጥቶ ይቆማል። በሩ ይከፈታል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ይዘጋል። ያስመጣችሁት ባለሙያ ማሽኑ የድሮውን ልማድ መዝግቦ ይሆናል አለ። ይሁን፤ ባለሙያ ያለውን አልክድም። ሱቄን ግን አርፍጄ እከፍታለሁ፣ በሩ ሲከፈት እቤት ካልተገኘሁ ያዝኑብኛል ብዬ እፈራለሁና።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን ሰሞኑን የለጠፋችሁት ማስታወቂያ አስቸኮለኝ። የሟች ካርድ እየሠራ ስለሆነ የያዘው ሰው ይመልስ፣ አለዚያ እንዘጋዋለን ብላችኋል። አትድከሙ፣ ካርዱ እኔ ዘንድ ነው። እህታቸው ቤቱን ቆልፈው ሲሄዱ የእሷ ሰው አንቺ ነሽ ብለው በእጄ ሰጥተውኛል። ለምን እንደምጠቀምበትም ልንገርዎት። ሰባተኛ ፎቅ ጋሽ ነጋ አሉ፣ ስኳር ያለባቸው፤ የፎቁ ጎረቤቶች ማለዳ ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። ጋሽ ነጋም እንደ እትዬ ማናዬ ብቻቸውን ናቸው። ጉልበቴ ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ደረጃ መውጣት እምቢ ብሏል፣ መውረድ ግን ይችላል። ስለዚህ በእትዬ ማናዬ ካርድ ስምንተኛ እወጣለሁ፣ ስክሪኑ በስማቸው ይቀበለኛል፣ እኔም እንኳን ደህና ቆዩኝ እለዋለሁ። በተቆለፈው በራቸው አልፌ አንዲት ፎቅ ወርጄ ጋሽ ነጋን አንኳኳለሁ። አለሁ ሲሉኝ እመለሳለሁ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ፎቆቹን ለነዋሪው ይክፈቱልን፤ ሌባውን ከውጭ በር ይከልክሉት። ያ ካልሆነ ደግሞ ካርዱን ከመዝጋትዎ በፊት የጋሽ ነጋን በር የሚያንኳኳውን ሰው ይምረጡና ስሙን አብረው ይለጥፉልን።

ለደንብዎ ተገዢ፣ ለቀይ መብራትዎ ታዛዥ፣ ለውለታዎ ወሮታ መክፈል ያቃታት፣
ከድጃ፣ ከአራተኛ ፎቅ

ግልባጭ፦
ለሊፍቱ በር፣ በፕላስተር
ለእትዬ ማናዬ፣ ሊፍቱ ራሱ ያድርስልኝ

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ካረፉ ወዲህ አሥረኛ ፎቅ ላይ ብቻዎን መሆንዎን አውቃለሁ፤ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። የእትዬ ማናዬ ካርድ አሥረኛን አይከፍትም፣ ሁሉን የሚከፍተውም ከእርስዎ ጋር እቤት ውስጥ ነው የሚያድረው። አንድ ጠዋት ሳይወርዱ ቢቀሩ አልረሳዎትም፤ ደንቡን አክብሬ ታች እጠብቅዎታለሁ፣ ራስዎ ወርደው እስኪቀበሉኝ።