በጥልፉ ላይ ያለችው ሽ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ብቻ ተናድጃለሁ። ጽሑፉን አይተሽ ማን ጻፈለት እንዳትዪ፤ ራሴ ነኝ። ከአትላንታ የማታ አማርኛ ፊደል ተማሪ ሁሉ አንደኛ ወጥቻለሁ። እሺ፣ ከክፍላችን። ክፍላችንም አራት ነን፤ አንዱ ለፈተና አልመጣም።

ያናደደኝ ጥልፍሽ ነው። ከአገር ስወጣ አይዞህ ነው የሚለው ብለሽ ሻንጣዬ ውስጥ የከተትሽው። እዚህ ሮዝዌል የማጸዳው አሮጌ ቤት ሙዚየም ነው። ግድግዳው ላይ የድሮ ፈረንጅ ልጃገረዶች የጠለፏቸው ጨርቆች ተሰቅለዋል፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ከሥር ስምና ዓመት። ያኔ ሴት ልጅ ፊደል የምትለየው መርፌ ይዛ ነበር አሉ። እኔ መች ዝም እላለሁ፣ የእህቴ ይበልጣል አልኩ። አስጎብኚዋ ሚካኤላ፣ እዚሁ ያደገች የኛ ልጅ፣ ጋሼ አምጣውና ዲስፕሌይ እናድርገው፣ ምንድነው የሚለው አለችኝ። ደረቴን ነፍቼ አይዞህ አልኳት። በእንግሊዝኛ ጽፋ ፕሪንት አደረገችው።

ከመስጠቴ በፊት ልኩራበት ብዬ ክፍል ወስጄ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አይዞሽ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አብሮኝ የሚማረው፣ ኮሌጅ ፓርክ ሆቴል የሚሠራው ገሠሠ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሜቴ ነው የሚለኝ። ይኼን ሁሉ ዓመት ጥልፉን ከሰቀልኩበት ግድግዳ ሥር ተቀምጦ የበላ፣ ፊደል የቆጠረ እንግዳ ሁሉ፣ አንድ ሰው አይነግረኝም? አንቺስ ብትሆኚ፣ ህ እና ሽ ይምታታሉ? ጢም አለኝ እኮ።

ሽን ፈትቼ ህ ላደርጋት መርፌ ገዛሁ። ፈታኋት። ያኔ ነው ከሥር ያለውን ዓመተ ምሕረት ያነበብኩት። እኔ ከአገር የወጣሁበት አይደለም። አንቺን ከትምህርት ቤት አስቀርተው የዳሩበት ነው፤ እኔ ገና ዳዴ ስል። ዳር ዳሩን የጠለፍሽው ፊደልም ከሀ ተነሥቶ ቀ ላይ ቆሟል። ቁ እንኳ የለችም፤ ክሩ ተንጠልጥሏል።

ለምን አትነግሪኝም? የራስሽን አይዞሽ ለእኔ ሰጥተሽ አንቺ በምን ቆየሽ?

ሽን መልሼ ሰፋኋት፤ ትንሽ ተንጋዳለች። ሚካኤላን ወረቀቱን ቀይሪው ብላት፣ በእንግሊዝኛ ወንዱም ሴቱም አንድ ነው፣ ምን ይቀየራል አለች። ስለዚህ ጥልፉን ከለከልኳት። ጨርቁን ከደብዳቤው ጋር በሰው ልኬዋለሁ። ከቁ ጀምረሽ ጨርሺው።

እግዜር ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ዓይንሽን ለመርፌ ቀዳዳ ያቆይልኝ።

ባለጢሙ ታናሽ ወንድምሽ

ሽን ፈታኋት ያልኩሽ ወሬ ማሳመሪያ ነው። እጄ እምቢ አለኝ። መንጋደዷ የራስሽ ነው።